የጋራ ክፍል፣ የጋራ ጤና፦ የመምህራን ክፍላችንንና መማሪያ ክፍሎቻችንን ከጀርም እንዴት እንጠብቅ?

በዚህ እትም ስለ ፈተና ወይም ስለ ትምህርት ዕቅድ ሳይሆን ስለ መጥረጊያ፣ ስለ ሳሙናና ስለ በረኪና ልናወጋችሁ ነው። «ይሄ ደግሞ ምን የሚጻፍበት ነገር አለው?» የምትሉ አትጠፉም። ግን እስቲ አንድ ጊዜ የመምህራን ክፍላችሁን ዞር ብላችሁ እዩት። አንድ ጠረጴዛ ለስምንት መምህር ነው። አንድ ዳስተር ከክፍል ክፍል ይዞራል። አንድ ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። አንድ የውሃ ጀሪካን አለ፣ በላዩ ላይ አንድ ኩባያ። የበሩን እጀታ በቀን ስንት ሰው እንደሚይዘው የሚቆጥር የለም።

የሁሉም የሆነ ነገር ብዙ ጊዜ የማንም ሳይሆን ይቀራል። የቤታችንን ወለል በቀን ሁለት ጊዜ የምንጠርግ ሰዎች የምንሠራበትን ክፍል ጠረጴዛ ወር ሙሉ ሳናብሰው ልንቆይ እንችላለን። ሰነፍ ስለሆንን አይደለም፤ «ሌላው ያደርገዋል» ስለምንል ነው። ጀርም ደግሞ የሚወደው ይህንኑ ነው፤ ብዙ እጅ የሚነካውን፣ ግን ማንም የማያጸዳውን ቦታ።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን እናያለን። ጀርም በጋራ ክፍል ውስጥ እንዴት ይዘዋወራል? ባለችን ትንሽ ውሃና ሳሙና እንዴት እናቋርጠው? ሥራውንስ ማን ይሥራው?

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

በካምፕ ውስጥ አንድ መምህር ሦስት ቀን ቢታመም የሚተካው ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። በአንዳንድ ክፍሎቻችን ከመቶ በላይ ተማሪዎች ይቀመጣሉ። እነዚህ ሁሉ ልጆች ሦስት ቀን ያለ ትምህርት ይቀራሉ ማለት ነው። ተማሪውም ሲታመም የሚቀረው እሱ ብቻ አይደለም። ታናናሾቹንም ያስይዛል፣ እናቱ ከውሃ ወረፋና ከራሽን ሰልፍ ትቀራለች።

ከዚህ የከፋም አለ። እዚሁ ካኩማ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 የኮሌራ ወረርሽኝ ተነስቶ እስከ ጁን ወር ድረስ 418 ሰዎች ታክመዋል፤ 4 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ባለሙያዎች የታመሙትንና ያልታመሙትን እያነጻጸሩ ምክንያቱን መርምረው ነበር። ያገኙት ነገር ለኛ ጉዳይ በጣም ይጠቅማል። አንደኛ፣ ሽንት ቤታቸውን ከሦስትና ከዚያ በላይ ቤተሰቦች ጋር የሚጋሩ ሰዎች ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ። ሁለተኛ፣ የመጠጥ ውሃቸውን በተከደነ ዕቃ የሚያስቀምጡ ሰዎች ደግሞ ይበልጥ ተጠብቀው ተገኙ። ሦስተኛ፣ ከኖቬምበር 2004 ወዲህ ወደ ካምፑ የገቡ አዲስ ሰዎች ከነባሮቹ ይበልጥ ታመሙ።

እንግዲህ ልብ በሉ። አንድ ክዳን ብቻውን ልዩነት አምጥቷል። መጋራት ደግሞ አደጋውን ጨምሯል። እኛ መጋራትን ልንተው አንችልም፤ ካምፕ ነው፣ ሁሉም ነገር የጋራ ነው። የምንችለው የምንጋራውን ነገር በንጽህና መያዝ ነው። አዲስ መጤ ተማሪና መምህር በመጣ ቁጥርም ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ፣ እጅ መታጠቢያው የት እንደሆነ፣ የሚጠጣው ውሃ የቱ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ማሳየት የትምህርት ቤቱ ግዴታ መሆን አለበት።

ጀርም እግር የለውም፣ ታዲያ እንዴት ይሄዳል?

ጀርም ስንል በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕይወት ያላቸው ነገሮችን፣ ማለትም ባክቴሪያን፣ ቫይረስንና የመሳሰሉትን ማለታችን ነው። ሁሉም ጎጂ አይደሉም። ጎጂዎቹ ግን የሚጓዙት እኛው ተሸክመናቸው ነው። ተቅማጥ፣ ኮሌራና ታይፎይድ የሚያመጡት ጀርሞች ከሰው ዓይነ ምድር ተነስተው ወደ ሌላ ሰው አፍ የሚደርሱባቸው መንገዶች አምስት ናቸው፦ ጣት፣ ዝንብ፣ ውሃ፣ ምግብ እና መሬት። ተማሪዎች እነዚህን አምስቱን በአምስት ጣታችሁ ቆጥራችሁ ያዟቸው።

በመምህራን ክፍል ውስጥ ዋናው መንገድ ጣት ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው ከሽንት ቤት ሲመለስ እጁን ሳይታጠብ የበሩን እጀታ ይይዛል። ቀጥሎ የመጣው ሰው ያንኑ እጀታ ይዞ ይገባና የውሃውን ኩባያ ያነሳል። ኩባያውን ጀሪካኑ ወይም ባልዲው ውስጥ ሲነክረው ጣቱ ውሃውን ይነካል። ከዚያ በኋላ ከዚያ ውሃ የሚጠጣ ሁሉ ተካፋይ ነው። ሦስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ አንድ እጅ አንድ ክፍል ሙሉ ሰው አዳረሰ ማለት ነው።

ሌሎችም ትናንሽ ልማዶች አሉ። ገጽ ለመግለጥ ጣትን በምራቅ ማርጠብ፣ የእስክሪብቶ ክዳን መንከስ፣ ጠመኔ የያዘ እጅን ሳይታጠቡ ዳቦ መቁረስ። አንድ መጽሐፍ ለአምስት ተማሪ በሚደርስበት ክፍል ውስጥ ምራቅ የነካው ገጽ አምስት እጅ ያልፋል። መጽሐፍን በበረኪና ማጽዳት አይቻልም፤ ስለዚህ የመጽሐፉ ንጽህና ያለው በአንባቢው እጅ ላይ ነው።

በአየር የሚተላለፉትንም አንርሳ። ጉንፋን፣ ኮቪድና የሳንባ ነቀርሳ በዋናነት የሚተላለፉት በተዘጋ ክፍል ውስጥ አብረን በምንተነፍሰው አየር ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በኮቪድ ምክንያት በመላው ኬንያ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙዎቻችን የጨነቀን ዕቃ ስለ መወልወል ነበር። በኋላ ግን ይበልጥ ግልጽ የሆነው፣ ለዚያ በሽታ ከጠረጴዛው ይልቅ የተዘጋው መስኮት እንደሚያሰጋ ነው። እዚህ አቧራው ስለሚያስቸግር መስኮት መዝጋት ይቀናናል። ነፋሱ ጋብ ባለ ሰዓት ሁሉ መክፈት ግን ምንም ወጪ የማይጠይቅ መከላከያ ነው።

ማጽዳት ሌላ፣ ጀርም መግደል ሌላ

ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮች አሉ። ማጽዳት ማለት ቆሻሻን፣ ቅባትንና አቧራን በውሃና በሳሙና ማስወገድ ነው። ጀርም መግደል ማለት ደግሞ የቀረውን ጀርም እንደ በረኪና ባለ መድኃኒት መጨረስ ነው። ቅደም ተከተላቸው አይገለበጥም፤ መጀመሪያ ሳሙና፣ ቀጥሎ በረኪና።

ለምን ቢባል በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲፈስ ኃይሉን የሚጨርሰው ከቆሻሻው ጋር ሲታገል ነው። ለጀርሙ የሚተርፍ ጉልበት አይኖረውም። ጭቃ ያለበት ወለል ላይ በረኪና ማፍሰስ ገንዘብን መሬት ላይ እንደ ማፍሰስ ይቆጠራል። ሳሙና ግን ጀርሙን ከቆዳና ከዕቃ ላይ አጣብቆ የያዘውን ቅባት ያላቅቃል፤ ውሃው ደግሞ ጠርጎ ይወስደዋል። እንደ ኮቪድ ያሉ ቫይረሶችማ ውጫዊ ሽፋናቸው ቅባት ስለሆነ ሳሙናው ራሱ ያፈርሳቸዋል።

ለዕለት ተዕለት ሥራ፣ ለምሳሌ ጠረጴዛ ለማበስ፣ ወንበር ለመወልወል፣ ሳሙና ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በረኪና የሚያስፈልገው ብዙ እጅ ለሚነካቸው ቦታዎች፣ ለሽንት ቤት፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ለነካው ቦታ፣ እንዲሁም በካምፑ ውስጥ ወረርሽኝ አለ ሲባል ነው።

የቪየናው ሐኪም ታሪክ

የክሎሪን ጉዳይ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1847 ኢግናዝ ሰመልዌይስ የሚባል ሐኪም በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ይሠራ ነበር። በዚያ ዓመት ኤፕሪል ላይ እሱ በሚሠራበት ክፍል ከሚወልዱ 100 እናቶች 18 ያህሉ በወሊድ ትኩሳት ይሞቱ ነበር። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ አስከሬን ከሚመረምሩበት ክፍል ቀጥታ ወደ ማዋለጃው ይገቡ ነበር። እጃቸውን በሳሙና ቢታጠቡም ሽታው እንኳ አይለቃቸውም። ሰመልዌይስ ሁሉም ሰው ወደ ማዋለጃው ሲገባ እጁን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠብ አዘዘ። በጥቂት ወራት ውስጥ የሚሞቱት ከ100 እናቶች ወደ 2 ገደማ ብቻ ዝቅ አሉ።

የሚገርመው ብዙ ሐኪሞች ሐሳቡን አልተቀበሉትም። ጀርም በሽታ እንደሚያመጣ ገና አልታወቀም ነበርና ማስረዳት ከበደው። ሌላም ምክንያት ነበረ። የተማረና የተከበረ ሰው «በሽታውን ያመጣው የኔ እጅ ነው» ብሎ መቀበል ይከብደዋል። ይህ ለኛ ለመምህራንም ትምህርት ነው። ተማሪን «እጅህን ታጠብ» የሚል መምህር ራሱ በተማሪዎቹ ፊት መታጠብ አለበት። የመምህር እጅ ከተማሪ እጅ የተለየ አይደለም።

እጅ፦ ባህላችን ግማሹን መንገድ ሄዶልናል

በአገራችን ባህል ማዕድ ሲቀርብ ማስታጠብ አለ። ከማንቆርቆሪያ ውሃ ይፈስሳል፣ እጅ ይታጠባል፣ የታጠበው ውሃ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ከጤና አንጻር በጣም ትክክለኛ ነው። በፈሳሽ ውሃ መታጠብ ማለት ይሄው ነውና። ሁሉም ሰው በአንድ ሳህን ውሃ እጁን ቢነክር ግን የመጀመሪያው ሰው ቆሻሻ ለመጨረሻው ሰው ይደርሳል።

የጎደለን ሳሙናው ነው። ብዙዎቻችን ከምግብ በፊት በውሃ ብቻ ለቅለቅ እናደርጋለን። ከምግብ በኋላ ደግሞ ወጡና ቅባቱ እንዲለቅ በሳሙና እንታጠባለን። መሆን ያለበት ተገላቢጦሹ ነው፤ ሳሙናው ይበልጥ የሚያስፈልገው ከመብላት በፊት ነው። በተለይ በአንድ ትሪ አብረን ስንበላና ስንጎራረስ የአንዱ እጅ የሌላው ማንኪያ ነውና!

ሳሙናው የግድ ውድ ወይም «ጀርም ገዳይ» የሚል ጽሑፍ ያለበት መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ በሆነ ጥናት በፓኪስታን ካራቺ ከተማ ድሃ ሰፈሮች ሳሙናና የእጅ መታጠብ ትምህርት ባገኙ ቤቶች ውስጥ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ተቅማጥ በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ተራው ሳሙናና «ጀርም ገዳይ» የተባለው ሳሙና ያመጡት ውጤት ግን ልዩነት አልታየበትም። ስለዚህ በራሽን የምናገኘው ሳሙና ይበቃናል።

«ሳሙናው እኮ በማግስቱ ይጠፋል» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። መፍትሔው የሳሙና ውሃ ነው። 30 ግራም ያህል የልብስ ማጠቢያ ዱቄት በ1 ሊትር ተኩል ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ከዚያ በሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ይደረግና ክዳኑ በምስማር ይበሳል። ጠርሙሱ በገመድ ከመታጠቢያው ጋር ይታሰራል። ጠብታው ለአንድ እጅ ይበቃል፣ ለመስረቅም አይመችም። ጠርሙሱ ላይ «የእጅ ሳሙና እንጂ የሚጠጣ አይደለም» ብላችሁ ጻፉበት።

መታጠቢያውንም ራሳችን መሥራት እንችላለን። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አንገቱ አካባቢ ይበሳና በሁለት ባላ እንጨት መካከል ይንጠለጠላል። ከአንገቱ ላይ የታሰረ ገመድ ወደ ታች ወርዶ ከአንድ ዘንግ ጋር ይታሰራል። ዘንጉን በእግር ስትረግጡት ጀሪካኑ ያዘነብላል፣ ውሃውም ቀጠን ብሎ ይወርዳል። እጅ ምንም ነገር አይነካም። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ውሃ መቆጠቡ ነው። ከሥሩ ጠጠር አድርጉበት፤ ውሃው ተጠራቅሞ ጭቃ እንዳይሆን።

መቼ መቼ እንታጠብ? ከሽንት ቤት መልስ፣ ከመብላትና ቡና ከመጠጣት በፊት፣ አፍንጫ ከተናፈጥን ወይም ካሳልን በኋላ፣ ካጸዳን በኋላ፣ ሕፃን ካጸዳዳን በኋላ። ለምን ያህል ጊዜ? ለ20 ሴኮንድ፤ በቀስታ ከ1 እስከ 20 እስክትቆጥሩ። የጣቶች መሃል፣ አውራ ጣትና የጥፍር ሥር ብዙ ጊዜ የሚረሱ ናቸው።

በረኪናን በሒሳብ

ሱቆቻችን ውስጥ ብዙ ሰው «ጂክ» እያለ የሚጠራው በረኪና ሁሉም እኩል ጉልበት የለውም። ስለዚህ በመጀመሪያ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን በመቶኛ አንብቡ። ከዚያ ይህን ቀመር ተጠቀሙ፦

የጠርሙሱ በመቶኛ ሲካፈል ለምንፈልገው በመቶኛ፣ ሲቀነስ 1 = ለአንድ እጅ በረኪና የሚያስፈልገው የውሃ እጅ።

ለተራ ጽዳት (እጀታ፣ ጠረጴዛ፣ ወለል) የምንፈልገው 0.1 በመቶ ነው። ትውከት፣ ተቅማጥ ወይም ደም ለነካው ቦታ 0.5 በመቶ ያስፈልጋል።

ምሳሌ 1፦ ጠርሙሱ 5 በመቶ ቢሆን፣ ለተራ ጽዳት 5 ÷ 0.1 − 1 = 49። ስለዚህ 1 እጅ በረኪና ለ49 እጅ ውሃ። 5 ሊትር ለማዘጋጀት 100 ሚሊ ሊትር በረኪና በ4.9 ሊትር ውሃ ይጨመራል። ትውከት ለነካው ቦታ 5 ÷ 0.5 − 1 = 9፤ 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ።

ምሳሌ 2፦ ጠርሙሱ 3.5 በመቶ ቢሆን፣ ለተራ ጽዳት 34 እጅ ውሃ፣ ትውከት ለነካው ቦታ 6 እጅ ውሃ።

ለተማሪዎች የቤት ሥራ፦ ጠርሙሱ 4 በመቶ ቢሆንስ? መልሱን ከጽሑፉ መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ፤ መጀመሪያ ግን ራሳችሁ ሥሩት።

በረኪና የቀባነው ቦታ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ወዲያው ከደረቀ ወይም ወዲያው ከተወለወለ ሥራውን አልሠራም።

ጥንቃቄ!
በረኪናን የሚበጠብጥ አዋቂ ሰው ይሁን፤ ትናንሽ ልጆች አይንኩት። ጓንት አድርጉ፣ በር ክፈቱ። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ፣ ከአሞኒያ ወይም ከሎሚና ከአቼቶ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ ሳንባን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ከኦሞም ጋር አትበጥብጡት። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ እጠቡና ወደ ክሊኒክ ሂዱ። የተበጠበጠው በየቀኑ አዲስ ይሁን፤ የካኩማ ሙቀትና ፀሐይ ጉልበቱን ቶሎ ይጨርሰዋል። የተበጠበጠ በረኪና በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ሕፃናት ይጠጡታል።

የቡና ሲኒና የውሃ ጀሪካን

የቡና ሰዓት በመምህራን ክፍል የፍቅር ሰዓት ነው፤ ይቅር አንልም። ችግሩ ሲኒው የሚታጠብበት መንገድ ነው። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ይቀርባል። አሥሩም ሲኒ እዚያው ውስጥ እየተነከረ ይወጣል። ከሦስተኛው ሲኒ በኋላ ያ ውሃ የሁላችንንም ከንፈር የነካ ውሃ ነው። ያለን ምርጫ ቀላል ነው። ሲኒውን በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ ከጀበና ወይም ከጆግ በሚፈስ ውሃ አለቅልቁት፣ ከተቻለ የፈላ ውሃ አፍስሱበት። ከዚያ በንጹሕ ረከቦት ላይ ደፍታችሁ አድርቁት። በእርጥብ ጨርቅ አታድርቁት። እርጥብ ሆኖ የዋለ ጨርቅ ጀርም የሚራባበት ቤት ነውና፤ ጨርቅ ሁልጊዜ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

ለመጠጥ ውሃ ሦስት ሕግ አለን። አንደኛ፣ ዕቃው ሁልጊዜ የተከደነ ይሁን፤ የ2005ቱን ትምህርት አስታውሱ። ሁለተኛ፣ ኩባያ ወይም እጅ ውስጡ አይግባ። ቧንቧ ያለው ዕቃ ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ ረጅም እጀታ ባለው ጭልፋ ተቀድቶ ወደ ኩባያው ይገልበጥ፣ ጭልፋውም ተንጠልጥሎ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ጀሪካኑ ራሱ በየሳምንቱ በሳሙናና በጠጠር ተንገጫግጮ ይታጠብ። ውስጡ የሚያሟልጨው አረንጓዴ ነገር ጀርም የሚደበቅበት ነው።

«ውሃ ከየት መጥቶ!» የምትሉን እንዳላችሁ እናውቃለን። ለአስቸኳይ ጊዜ ሥራ የሚያገለግለው የስፌር መመሪያ ለአንድ ተማሪ በቀን 3 ሊትር ውሃ ለመጠጥና ለእጅ መታጠቢያ ያስቀምጣል። ትምህርት ቤታችሁ ያንን ያህል የማያገኝ ከሆነ በቁጥር አስልታችሁ ለትምህርት ቤቱ ኮሚቴ አቅርቡ። «ውሃ አነሰን» ከማለት «ለ600 ተማሪ 1,800 ሊትር ያስፈልገናል፤ የምናገኘው ይህን ያህል ነው» ማለት ይበልጥ ይሰማል።

ማን ያጽዳ?

ወደ ዋናው ጥያቄ መጣን። በብዙ ትምህርት ቤት ማጽዳት ሲባል ሴት ልጆች ይጠራሉ። ወንዶቹ ኳስ ሲጫወቱ እነሱ ይጠርጋሉ። በሌላ ቦታ ደግሞ ሽንት ቤት ማጽዳት ለረበሸ ተማሪ የሚሰጥ ቅጣት ነው። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። የመጀመሪያው የሴት ልጅን የማጥኛ ሰዓት ይወስዳል። ሁለተኛው ደግሞ ንጽህና ማለት ውርደት እንደሆነ ያስተምራል። ቅጣት ነው ብሎ የተማረ ልጅ ነፃ ሲወጣ መቼም አያጸዳም።

የምንመክረው ተራ ማውጣት ነው። ስም ያልተጻፈበት ሥራ አይሠራም። አንድ ወረቀት ላይ የሁሉንም ስም፣ የርዕሰ መምህሩንም ጭምር፣ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ለምሳሌ፦

ጠዋት ከትምህርት በፊት፦ ውሃ መቅዳት፣ እጅ መታጠቢያውን መሙላት፣ መስኮት መክፈት።

በእረፍት ሰዓት፦ የሳሙና ውሃው አለመጨረሱን ማየት፣ ኩባያና ሲኒ ማጠብ።

ከትምህርት በኋላ፦ ወለሉ ላይ ውሃ ረጨት አድርጎ መጥረግ (ደረቅ ወለል ከተጠረገ አቧራው ወደ ሳንባችን ይገባል)፣ ጠረጴዛ በሳሙና ማበስ፣ የበሩን እጀታ፣ ቁልፉንና የጀሪካኑን ክዳን በ0.1 በመቶ በረኪና ማበስ፣ ቆሻሻውን መድፋት።

ዓርብ፦ ጀሪካን ማጠብ፣ ዳስተር ውጭ ማራገፍ፣ ጨርቆችን አጥቦ ማስጣት፣ ያለቀውን ሳሙና መመዝገብ።

ሽንት ቤቱን ለማጽዳት የተቀጠረ ሰው ካለ ደግሞ ጓንትና ቦት ጫማ እንዲኖረው መጠየቅ የሁላችን ፋንታ ነው። በሰላምታና በአክብሮትም እንያዘው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ?

ሲታመሙ ቤት መቅረት

ይህ ከባድ ጉዳይ ነው። አንዳንድ መምህር ኢንሰንቲቩ እንዳይቆረጥበት እየፈራ ተቅማጥ ይዞት ይመጣል። ተማሪም ከፈተና እንዳይቀር ይመጣል። ፍርሃቱ ይገባናል። ግን አንድ የታመመ ሰው የጋራ ኩባያ ሲይዝ በሳምንቱ የሚቀሩት አምስት ሰዎች ይሆናሉ። ተቅማጥና ትውከት ያለበት ሰው ከቆመለት በኋላ እንኳ ሁለት ቀን ቢቆይ መልካም ነው። ለዚህም እያንዳንዱ መምህር ተተኪ ባልደረባ አስቀድሞ ይኑረው፤ የትምህርት ዕቅዱንም ባልደረባው በሚያገኘው ቦታ ያስቀምጥ። ርዕሳነ መምህራን ደግሞ በሕመም የቀረን ሰው ከሥራ ከጠፋ ሰው ለይተው እንዲያዩ እንጠይቃለን።

አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ ቢያስመልሰው አትጩኹበት። ሌሎቹን ልጆች አርቁ፣ ጓንት ወይም ላስቲክ እጃችሁ ላይ አድርጉ፣ ትውከቱን በአመድ ወይም በአሸዋ ሸፍናችሁ አንሱና ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጨምሩት። ቦታውን በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ 0.5 በመቶ በረኪና አፍስሳችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ። በመጨረሻም እጃችሁን ታጠቡ።

ተቅማጡ የሩዝ ውሃ የመሰለና ብዙ ከሆነ አትዘግዩ፤ ኮሌራ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ወዲያውኑ ወደ ክሊኒክ ውሰዱ። በመንገድም ኦ.አር.ኤስ. ስጡ። ፓኬቱ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ አጠጡ። ጨው እንዳይበዛ ተጠንቀቁ።

ከአንባብያን ሊነሱ የሚችሉ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሳሙና ጭራሽ ከጠፋስ?
መልስ፦ ንጹሕ የምድጃ አመድ በእጅ አሽቶ በፈሳሽ ውሃ መታጠብ ከውሃ ብቻ ይሻላል። ሳሙና ሲገኝ ግን ሳሙናው ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ክፍሉ ንጹሕ መስሎ ከታየ አይበቃም?
መልስ፦ አይበቃም። ጀርም አይታይም። በደንብ የተጠረገ ክፍል ውስጥ ያልታበሰ እጀታ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «ምን ቆሸሸ?» ሳይሆን «ብዙ እጅ የነካው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጥሩ ሽታ ያለው ማጽጃ ጀርም ይገድላል ማለት ነው?
መልስ፦ ሽታ ምልክት አይደለም። የዕቃውን ጽሑፍ አንብቡ።

ውድ አንባብያን፣ «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን ብሂል ሁላችንም እናውቀዋለን። እኛ የምንጨምረው በጋራ ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚጠነቀቅ ሰው እንደማይድን ነው። እሱ ታጥቦ የሚይዘውን እጀታ ያልታጠበው አስቀድሞ ይዞታልና። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አማርኛ ለማያነቡ ባልደረቦቻችሁ በስዋሂሊ፣ በሶማሊኛ፣ በዓረብኛ ወይም በምታውቁት ቋንቋ ንገሯቸው። በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ደግሞ ከመጀመሪያው ደወል በፊት አሥር ደቂቃ ተቀምጣችሁ የተራ ወረቀቱን አዘጋጁ። እንዴት እንደሄደላችሁ፣ ምን እንዳስቸገራችሁ ጻፉልን፤ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች እናካፍላለን።



(የቤት ሥራው መልስ፦ ለተራ ጽዳት 39 እጅ ውሃ፤ ትውከት ለነካው ቦታ 7 እጅ ውሃ።)